የጓሳው ትራስ

ጎንደር፣ አውቶፓርኮ
ኅዳር ፳፬ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለጣውንቴ፤
ደባርቅ።

እንደምን ሰነበቱ? ብርዱስ እንዴት ይዞዎታል? የደባርቅ ኅዳር አጥንት ይሰብራል ሲሉ እሰማለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። በደብዳቤ ደንብ «ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ» ማለት ነበረብኝ፤ ግን ተያይተን አናውቅምና ናፈቁኝ ብል ውሸት ነው፣ ደህና ነኝ ብልም ውሸት ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ትቼዋለሁ።

ጣውንቴ ብዬ መጀመሬ ካስቆጣዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። እህቴ ብል ሽንገላ ይመስላል፣ እመቤቴ ብል ሹፈት። ከጎሹ ጋር በሽማግሌ ፊት ከተለያያችሁ ዓመታት ስላለፉ ስሙ በደንብ አይገጥመን ይሆናል፤ ሌላ ግን አላገኘሁልንም። ጎሹንም በፊቱ አንቱ ነው የምለው። እዚህ ወረቀት ላይ እሱ እያልኩ እጽፋለሁ፤ እርስዎ እሱ እንደሚሉት አውቃለሁና እኩል እንሁን።

ይህን ሲያነቡ ትራሱን ፈትተውታል ማለት ነው። በቀይ ክር የሰፋሁት ሆን ብዬ ነው። የቀድሞው ስፌት ነጭና ረቂቅ ነበር፤ ቀዩን ሲያዩ የሌላ ሰው እጅ እንደገባበት ያስተውላሉ ብዬ ነው። አዛለች ቅቤ ነጋዴዋ የያዘችው ምን እንደሆነ አታውቅም፤ «ይህን ትራስ ለባለቤቱ አድርሺልኝ» ብቻ ብያታለሁ። ወረቀቱን በእጇ ብሰጣት አምባ ጊዮርጊስ ሳትደርስ ለአንዱ ተማሪ ታስነብበው ነበር። በጸሐፊ ያላስጻፍኩትም ለዚሁ ነው፤ የመኝታ ነገር ገበያ ዳር ተቀምጦ አይጻፍም። አባቴ ቄስ ስለነበሩ ፊደል አስቆጥረውኛል። እርስዎም ዳዊት ደጋሚ እንደሆኑ ሰምቻለሁ። እባክዎ ብቻዎን ያንብቡት፤ ጎሹ ከደባርቅ ሳይነሣ ያንብቡት።

ነገሩ ይህ ነው። ጎሹ ታሟል። ሐኪሙ ልቡ ደክሟል ብሏል። እንቅልፍ ሲወስደው ትንፋሹ ይቋረጣል፤ ሌሊቱን ስለማያርፍም ቀን መሪ እንደያዘ ያንቀላፋል። ሊማሊሞን መውረድ የለበትም። ከዚህ በኋላ የምጽፈው ሁሉ ይህን እንዲያምኑኝ ነው።

የጀመረው ከክረምቱ በፊት ነው። እግሩ ማበጥ ጀመረ፤ ማታ ጫማውን ሲያወልቅ የካልሲው አፍ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጎድጓዳ መስመር ትቶ ይወጣል። መሪ ይዞ ስለሚውል ነው አልን። ቀጥሎ ከአውቶፓርኮ ወደ ቤታችን የሚወስደውን ዳገት ሳያርፍ መውጣት አቃተው። መንገድ ዳር አንዲት ድንጋይ አለች፤ እሷ ላይ ተቀምጦ ከአላፊ አግዳሚው ጋር ወሬ ይይዛል። ሰዉም «አያ ጎሹን ዛሬ ጨዋታ አምሮታል» እያለ ያልፋል። እኔ ግን ከደጃፌ ሆኜ ትከሻው ሲወጣና ሲወርድ አየው ነበር፤ ያን ሰው ጨዋታ አላማረውም።

ከዚያ የእንቅልፉ ነገር መጣ። ሲተኛ ትንፋሹ እያነሰ፣ እያነሰ ይሄድና ጸጥ ይላል። ደረቱ አይነሣም። ሞተ ብዬ ልጮህ ስል ትንሽ በትንሽ ይጀምራል፣ ይበረታል፣ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ያለከልካል፤ እንደገና ያንስና እንደገና ጸጥ። አንዳንዴ ደግሞ በድንጋጤ ተነሥቶ ይቀመጥና መስኮት ክፈችልኝ ይላል። እኔ መጀመሪያ ዱካክ ነው አልኩ። ከራስጌው ሥር ቢላዋ አደረግሁ፣ ጠበል ረጨሁ። ጠበሉን አልነቅፍም፤ ቢላዋው ግን አንድም ነገር አልፈየደ። ጠዋት ስነግረው ይስቅብኛል። «ምነው አንቺ፣ እኔን እንደ ማሽላ ስትጠብቂ ነው እንዴ የምታድሪው?» ይለኛል። ሰው ተኝቶ ያደረገውን እንዴት ብሎ ይመን?

በጸጥታው መሃል ጭንቀቱ ስለማያስቀምጠኝ አቡነ ዘበሰማያት እደግም ጀመር። በሐምሌ «ትምጻእ መንግሥትከ» ሳልል ይተነፍስልኝ ነበር። ለመስቀል «ሲሳየነ» ላይ እደርሳለሁ። አሁን «ኅድግ ለነ አበሳነ» ብዬ፣ የእኛንም የሌላውንም በደል ይቅርታ ለምኜ ስጨርስ ነው የሚመለሰው። እሱንም ያለፍኩበት ጊዜ አለ። ጸሎትን ሰዓት ማድረጌ ኃጢአት ከሆነ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ እኔ ቤት ሌላ ሰዓት የለም።

በጥቅምት መባቻ ለምኜ ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ አስተርጓሚው ግን ማን ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሰጠኝ፣ የጎሹ የአክስት ልጅ! እርስዎም ሳያውቁት አይቀሩም፤ አፉ ወንፊት ነው። ሐኪሙ ደረቱን አዳመጠ፣ እግሩን በጣቱ ተጫነ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ አንድ ነገር ጠየቀ። ሰጠኝ ፈገግ ብሎ «ሌሊት እንዴት ነው የሚተኛው ይልሻል» አለኝ። ጎሹ ያየኛል። ወረፋ የሚጠብቁት በሽተኞች ከነአስታማሚዎቻቸው ያዩኛል። እኔም ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ «ሸጋ አድርጎ ነው የሚተኛ» አልኩ።

እስቲ እርስዎ ይፍረዱኝ። የባል መኝታ በባል ዘመድ አፍ ወደ ፈረንጅ ጆሮ ሲሻገር አብራ የምትሻገር የጎንደር ሴት የት አለች? የተናገርኩት በዚያው ቀን ለእናቱ ይደርሳል፣ በማግስቱ ማኅበር ላይ ይጠጣበታል። ሐኪሙ የነገርኩትን አምኖ ጻፈ። ክኒን ሰጠው፣ ጨው ከለከለው፣ ሸክምና ዳገት ይቅርብህ አለው። መንዳትን ግን ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ ነው ብሎ ጎሹ ለራሱ ፈቀደ። ጨው የሌለው ሽሮ ሳቀርብለት አንድ ጊዜ ጎርሶ «ይህ ጾም ነው ወይስ ንስሐ?» አለኝ። ደባርቅ ሲደርስ እንደ ልቡ ጨው እንደሚበላ አውቃለሁ። ለዓመታት በእኔ ማዕድ ላይ ተቀምጦ የደባርቅን ሽሮ ሲያመሰግን የማን ሽሮ እንደሆነ አንድ ቀን አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። እባክዎ ጨውን ያስቀሩለት።

አሁን ወደ ትራሱ ልምጣ። ከዚያ በኋላ ከደባርቅ ሲመለስ ይህን ትራስ ይዞ መጣ። ከእኛው ትራስ ላይ ደርቦ፣ ግማሽ ተቀምጦ ግማሽ ተጋድሞ ተኛ። ያን ሌሊት ደጋግሜ አዳመጥኩ፤ «ትምጻእ መንግሥትከ»ን አንድ ጊዜም አላለፍኩም። እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጠዋት ስነሣ ደስ ብሎኝ ትራሱን አቀፍኩት። ያን ጊዜ ነው የሸተተኝ። ጓሳ ነው፣ የእናንተ የደጋው ሣር። ጎንደር ከተማ ጓሳ የት ይገኛል? ገልብጬ ስፌቱን አየሁ፤ ጥርት ያለ፣ ሳይቸኩሉ የሰፉት ስፌት ነው። ከወዴት አመጡት ስለው ከገበያ ገዛሁት አለኝ። የደባርቅ ገበያ ገብስና በግ እንጂ ትራስ እንደማይወጣበት የማያውቅ የለም።

ተቀምጬ አሰብኩት። ቀን ነቅቶ ብቻ ያዩትን ሰው ከፍ ብለህ ተኛ የሚለው የለም። ይህን ትራስ የሰፋች ሴት እኔ የሰማሁትን ሰምታለች። እሷም አጠገቡ ሆና ጸጥታውን ጠብቃለች፤ ምናልባት እሷም ከዳዊቷ እየደገመች ነው የጠበቀችው። ተቆጣሽ ወይ ቢሉኝ፣ አዎ፣ ነድጃለሁ። ትራሱን ምድጃ ውስጥ ልጨምረው አንስቼም ነበር። ግን ትራሱ ትንፋሽ የሚሰጠው ለእኔው ባል ነው፤ መልሼ አልጋው ላይ አስቀመጥኩት። ከንዴቱም ጋር አብሮ የመጣ ሌላ ነገር ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ነገር የማውቀው ብቻዬን ይመስለኝ ነበር።

ዝም ብዬ ልኖር ነበር፤ ዋኘው መጣ። ረዳቱን ዋኘውን ያውቁታል። ባለፈው ሳምንት ጎሹ ገላውን ሊታጠብ በሄደበት ሰዓት ደጃፌ ላይ ቆሞ አልገባም አለ። ኮሶዬ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ገደሉ ዳር ላይ አያ ጎሹ መሪውን እንደያዘ አሸለበው አለኝ። ዋኘው ጮኾ መሪውን ባይዘው ኖሮ የጭነት ማኪናዋ፣ የትሬንታ ኳትሮዋ፣ የፊት ጎማ ጠጠሩን ለቆ ነበር። ጎሹ ነቅቶ «ምን ያስጮኽሃል?» አለው አሉ፣ መተኛቱንም አላወቀም። ዋኘው ከእኔ እንደሰማሽ እንዳትነግሪው ብሎ በማርያም አስምሎኛል። ማርያም ይቅር ትበለኝ፣ ለእርስዎ ነግሬያለሁ። ኮሶዬ ላይ እንዲህ የሆነ ሰው ሊማሊሞ ላይ፣ በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ምን ይሆናል? 

ትናንት ጠዋት ሊነሣ ሲል እግሩ ላይ ወደቅሁ። አይሂዱ፣ ዋኘው ይንዳ፣ እኛ ሆስፒታል እንመለስ አልኩት። ምን እንዳለኝ ይገምታሉ። «የሚያቃጥልሽ ሊማሊሞ አይደለም፣ ደባርቅ ነው» አለኝ። ቅናት ነው አለኝ። እኔም አፌን መያዝ አቅቶኝ፣ ቅናት ከሆነማ ትራሱን ማን እንደሰፋልዎ አልጠፋኝም አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። ትራሱን ከአልጋው ላይ አንሥቶ ወለሉ ላይ ጣለው፣ ቦርሳውን ይዞ ወጣ። ያለ ትራሱ ነው የሄደው። ማኪናዋ ዳገቱን ስትወጣ ድምጿ እስኪጠፋ ድረስ ደጅ ቆሜ ሰማኋት።

ከዚያ በቀጥታ ሆስፒታል ሄድኩ፣ ብቻዬን። ሰጠኝን በሩቅ አይቼ ተሸሸግሁና እንኳየሁ የምትባል ነርስ ፈለግሁ። ሴት ናት፣ የጭልጋ ልጅ፣ ለማንም ወሬ የማታወጣ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ቢላዋውንም፣ ጸሎቱንም፣ ኮሶዬንም፣ ሸጋ አድርጎ ይተኛል ማለቴንም። ሳትቆጣኝ እጄን ይዛ ወደ ሐኪሙ ወሰደችኝ። እሱ ትንፋሹ ለምን ያህል ጊዜ ይቋረጣል ብሎ ጠየቀ፤ እኔ እስከ «ኅድግ ለነ አበሳነ» አልኩ። ፈረንጁ ግራ ገብቶት ሁለታችንን አየን። እንኳየሁ አስረዳችውና «እንደምትይው አድርገሽ በይው» አለችኝ። እኔ ስደግም እሱ የእጅ ሰዓቱን ያያል። ኅድግ ለነ ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። ሰዓቱን ካየ በኋላ ፊቱ ተለወጠ።

እንዳስረዳችኝ ከሆነ ነገሩ እንዲህ ነው። ልቡ ደክሞ ደሙን እንደ ድሮው መግፋት አልቻለም፤ በዚህ ምክንያት ውኃው እግሩና ሳንባው ላይ ይቀራል። ትንፋሽን የሚያዘው ጭንቅላት ውስጥ ያለ ነገር ነው አሉ፤ ደሙ ዘግይቶ ስለሚደርሰው ትእዛዙ ይዛባበታል። አንዴ አብዝቶ ተንፍስ ይላል፣ አንዴ ጭራሹን ይረሳል። በረሳ ቁጥር ልቡ የበለጠ ይደክማል፣ ልቡ በደከመ ቁጥር ደግሞ መርሳቱ ይብሳል። ሰውዬው ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ያድራል እንጂ አያርፍም። ሐኪሙ ይህ ሰው ማኪና መንዳት አይችልም አለ፤ ቶሎ አምጡት፣ ውኃውን የሚያወጣ መርፌ አለ፣ አስተኝተን እናክመዋለን አለ። ይድናል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ቶሎ ከመጣ ብዙ ሊሻለው ይችላል አለኝ፤ ከዚያ ያለፈ ቃል አልሰጠኝም። ስለ ትራሱም ነገርኩት፤ ራቅ ብሎ አየኝና ይህን ማን አሰበለት፣ ብልህ ሰው ነው አለ። እኔም ዘመድ ናት አልኩ። ይህን ያልኩት ሳላስበው ነው፤ ካልኩት በኋላ ግን አልመለስኩትም።

እንግዲህ የምለምንዎት ይህን ነው። ዋኘው ጭነቱ እስኪሞላ ደባርቅ ላይ ቢያንስ ዛሬን እንደሚያድሩ ነግሮኛል። የት እንደሚያድር አልጠየቅሁትም፣ እርስዎንም አልጠይቅም። ዛሬ ሌሊት ይህን ትራስ ከጀርባው ያድርጉለት። ሲነጋ ወደ ሊማሊሞ ሳይሆን ወደ ጎንደር ይመልሱት፤ ዋኘው መንጃ ፈቃድ አለው፣ እሱ ይንዳ፣ ጎሹ ከጎኑ ይቀመጥ። እኔ ብለው ቅናት ነው። እርስዎ ወደ ሚስትህ ተመለስ ቢሉት ግን ማን ቅናት ይለዋል? በዚህ ዓለም ላይ ይህን ነግሮ የሚያሳምነው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እርስዎ ነዎት። ሊማሊሞን እወርዳለሁ ብሎ ከጨከነ የማኪናዋን ቁልፍ ይደብቁ፤ ጥፋቱ በእኔ ይሁን።

እርስዎም አብረውት ይምጡ። ቤቴ ሰፊ ባይሆንም መደብ አለ፣ ንጹሕ አንሶላ አለ። ሆስፒታል ሲተኛ አስታማሚ ያስፈልገዋል፤ ትንፋሹን የሚያውቅ አስታማሚ ደግሞ ከሁለታችን በቀር የለም። ተራ እንገባለን። የጎንደር ሰው ምን ይላል ብዬ አስቤበታለሁ፤ ይበል። ሞቶ ከሚያለቅሱልኝ ታሞ ቢያሙኝ ይሻለኛል።

ምነው ራስሽ አትመጪም ይሉ ይሆናል። እንኳየሁ ትናንት እኔንም አይታኝ ማኪና ላይ እንዳልወጣ፣ ዳገት እንዳልረግጥ፣ ከቤት እንዳልርቅ አጥብቃ ከልክላኛለች። ከዚህ በላይ አልጽፈውም። ከእሱ ጋር የተለያያችሁት ዘመዶቹ ቤቱ የሕፃን ድምፅ አልሰማም ብለው ስለተነሡ መሆኑን ሰው ነግሮኛል። በእኔም ላይ ማንሾካሾክ ከጀመሩ ቆይተዋል። ስለዚህ ብዕሬ እዚህ ላይ ቢያመነታ አይፍረዱብኝ።

ትራሱን ስፈታው ጓሳው መሃሉ ላይ ተጨፍልቆ ጎድጉዶ አገኘሁት፤ ጥጥ ጨመርኩበት። ዝም ብሎ ጥጥ አይደለም፤ ከመስከረም ጀምሬ ስፈለቅቅና ስነድፍ የከረምኩት ባዘቶ ነው፣ ለአንዲት ትንሽ ፍራሽ ያስቀመጥኩት። ጎሹ አላየውም፣ የሚያውቀውም ነገር የለም። ትናንት እግሩ ላይ ወድቄ ሳለ እንኳ አልነገርኩትም፤ ማስቀሪያ ብልሃት ነው እንዳይለኝ ፈርቼ ነው።

ሁሉ ነገር እምቢ ካለዎት ከስፌቱ ውስጥ ባዘቶውን ዘግነው በእጁ ያስይዙት። ምንድነው ይህ፣ ለማን ነው ይልዎታል። መልሱን እርስዎ ይንገሩት። ይህን ለእርስዎ መተው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አላጣሁትም፤ እርስዎ አፍ ላይ ሲደርስ የሚከብደውን ያህል እሱ ጆሮ ላይ ሲደርስ ወደ ቤቱ እንደሚመልሰው ግን አምናለሁ።

እግዚአብሔር ደጃፍዎን ይጠብቅ፣ እጅዎን ይባርክ፣ ያቺን ነጭ ስፌት የሰፉበትን ዓይን ብርሃን አይንሣው። ዛሬ ሌሊት ጸጥ ሲልብዎት አቡነ ዘበሰማያትን ይጀምሩ፤ እኔም እዚህ ሆኜ እጀምራለሁ። ኅድግ ለነ ላይ እንገናኝ።

አክባሪዎ፣
ጣውንትዎ